አልማዝን ይዣት እመጣለሁ

በ1978 ዓ.ም. ክረምት የመሪጌታ ገብረ መስቀል ልጅ የብርጓል ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። የባሕር ዳር ሰው በሁለት ነገር ያውቃታል፤ አንደኛ እጇ ላይ ባለው የቃጠሎ ጠባሳ፣ ሁለተኛ እስካሁን ባለማግባቷ። ሰፈሩ ደግሞ ሁለተኛውን በአንደኛው ያመካኛል። «የቅኔ መምህር ልጅ እርሳስ ስታቀልጥ ትውላለች፤ ማን ደፍሮ ያግባት?» ይላል።

ታቀልጣለች፣ እውነት ነው። ከቤታቸው ጓሮ፣ ድሮ እህል ይቀመጥባት የነበረች ጠባብ ዕቃ ቤት አለች። የብርጓል ከከተማው የትምህርት ተቋም የጽሕፈት ሥራዋ እንደ ተመለሰች ወደዚያች ትገባለች። ከፈረሱ ቤቶች መስኮት የለቀመችውን ሰማያዊና ቢጫ መስታወት በቅርጽ በቅርጹ ትቆርጣለች፤ ካረጀ የመኪና ባትሪ ያቀለጠችውን እርሳስ እንደ ጥብጣብ አቅጥና ቁራጮቹን ታያይዛለች፤ መገጣጠሚያውን ከሰል ላይ በጋለ መዳብ ትበይዳለች። የሚወጣው ሥዕል ነው፤ ግን ፀሐይ ከጀርባው ካልመጣችለት ምንም የማይናገር፣ ከመጣችለት ደግሞ ዝም በል ቢሉት የማይሰማ ሥዕል።

ሙያውን ያስተማረቻት የተቋሙ ሩሲያዊ መምህር ሚስት ሊድያ ናት። ሊድያ ወደ አገሯ ስትመለስ ሦስት ነገር ትታላት ሄደች፤ የብየዳውን መዳብ፣ «ሐራሾ»፣ ማለት «ጥሩ»፣ የምትል አንዲት የሩስኛ ቃል፣ እና አልማዝን።

አልማዝ ሰው አይደለችም። የመስታወት መቁረጫ ናት፤ እጀታዋ እንጨት፣ አንገቷ ነሐስ፣ ጫፏ ላይ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ የአልማዝ ድንጋይ ያላት። መስታወት ቆራጭ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራታል። የብርጓልና ወዳጇ ሣህሉ ግን እንደ ጎረቤት ሴት ነበር የሚያሟት። «አልማዝ ዛሬ አኩርፋለች» ትለዋለች። «ላምባ አቅምሻት፣ ትታረቅሻለች» ይላታል።

ሣህሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነው። አባቱም ፋብሪካው ሲቋቋም ከደሴ መጥተው እዚያው መዶሻ ጨብጠው ያረጁ ሰው ናቸው። አንድ ቀን የማሽን መመሪያ ሊያስተይብ የብርጓል ጠረጴዛ ፊት ቆመ፤ ጣቶቿን አየ፤ ምን ሆነሽ ነው አላለም። በማግስቱ የፋብሪካ የቆዳ ጓንት አምጥቶ ከጽሕፈት መኪናዋ አጠገብ አስቀመጠና ሄደ። በዚህ ዓለም ስለ እጇ ምክንያት ያልጠየቃት ሰው እሱ ብቻ ስለ ነበር ቀኑን ሙሉ ስትተይብ «ሀ»ን በ«ሐ» እያሳሳተች ዋለች።

መሪጌታ ገብረ መስቀል ግን ነገሩን ሲሰሙ አንድ ቃል ብቻ ነበር ያሉት፤ «ሸማኔ?»

«ሸማ አይሠራም አባባ፤ ማሽን ነው የሚጠግን።»

«ማሽኑስ ምን ይሠራል?»

«ጨርቅ።»

«እንግዲያ!» አሉና ዳዊታቸውን ገለጡ።

መንግሥት ሸማኔውንም ቀጥቃጩንም «ሠርቶ አደር» ብሎ ካከበረ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በየሳምንቱ የቀበሌ ስብሰባም ይነገራል። አዋጁ ግን የመሪጌታን ግቢ በር አንኳኩቶ አልገባም። እዚያ ውስጥ ጨርቅ የሚነካ ሸማኔ ነው፤ ብረት የሚያግል ቀጥቃጭ ነው። መሪጌታ አንድም ቀን የልጃቸውን ዕቃ ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ በዚያ በኩል ማለፍ ግድ ሲሆንባቸው እንኳ ፊታቸውን ወደ ጎመኑ መደብ መልሰው ነው።

ሥራው ግን እሳቸው ሳያውቁት አደገ። መጀመሪያ ለጎረቤት የመብራት ሽፋን ነበር፤ ቀጥሎ የአንድ መጠጥ ቤት በር። የብርጓል ፈቃድ ልታወጣ ስትሄድ የጽሕፈት ቤቱ ሰው «ለሥራሽ ምን ምን ያስፈልግሻል?» አላት፤ «ሃያ ኪሎ እርሳስ» ብላ ጻፈች። ከወር በኋላ «የኪሎው ጥያቄ የተጋነነ ሆኖ ስለ ተገኘ» ከሚል ደብዳቤ ጋር ሁለት ደርዘን የጽሕፈት እርሳስ ተላከላት። አመስግና ፈረመች፤ ሥዕሎቿንም በነሱ መንደፍ ጀመረች። ፈቃዱም በዚያው ወጣ፤ ወረቀቱ ላይ «የእጅ ሙያ፣ ልዩ ልዩ» ይላል።

ከዚያ ትልቁ ሥራ መጣ። ከሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል ለአብዮት በዓል፣ ለመስከረም ሁለት፣ የምግብ አዳራሹን መስኮት በባለቀለም መስታወት እንድትሠራለት አዘዛት። ታንኳ፣ ደንገል፣ ውሃው ላይ ቀይ ፀሐይ። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ገብረ ኪዳን ንድፉን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩት።

«ይቺ ፀሐይ እየወጣች ነው፣ እየጠለቀች?»

የብርጓል የሣለችው በየቀኑ የምታየውን የጣናን ምሽት ነበር። ከኋላዋ የቆመው ሣህሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እየወጣች ነው ጓድ» አለች የብርጓል።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ትንሽ ቆይተው ቢያይዋት ከፍ ትላለች።»

ጓድ ገብረ ኪዳን ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያ ፈረሙ።

የቀረው ያቺው ፀሐይ ናት። ለእሷ የሚሆን ቀይ መስታወት በከተማው አንድ ብቻ ተገኘ፤ ከተዘጋ ፎቶ ቤት የጨለማ ክፍል የወጣ። በዚያው ሰሞን አልማዝ ዶለዶመች፤ ሁለት ቢጫ መስታወት እጇ ላይ አሰነጠቀችባት። ቀዩ ከተሰነጠቀ ደግሞ ፀሐይ የለም፤ ፀሐይ ከሌለ መስኮት የለም፤ መስኮቱ ከሌለ የብርጓል ተመልሳ የሰፈሩ ቀጥቃጭ ብቻ ናት።

* * *

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ፋብሪካው ሣህሉን ለሦስት ሳምንት ሥልጠና አዲስ አበባ ላከው። የይለፍ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ፣ ከመሳፈሩ በፊት በነበረው ከሰዓት፣ ሐይቁ ዳር ተገናኙ። ውሃው በጎርፍ ደፍርሶ ሻይ መስሏል።

«ሦስት ሳምንት ምን አላት? ሄድኩ፣ መጣሁ ነው።»

«ሄድኩ አትበል፤ ሄድሁ በል። አባባ ፊት እንደ ርግብ ኩ ኩ ካልህ፣ ሽማግሌዎችህ ሳይቀመጡ ነው የሚባረሩት።»

«ሄድሁ» አለ አፉን አሞጥሙጦ።

«እሱ ደግሞ ዳገት የወጣ ሰው አስመሰለህ።»

ሳቁ። ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ አሥራ ስምንት እሑድ፣ ሽማግሌዎች ሊገቡ ተቆርጧል። ሣህሉ እጇን ያዘና ጠባሳዎቹን በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ነካቸው፤ የሚያነባቸው ይመስል ነበር።

«እጽፍልሻለሁ። በየትኛው ፖስታ ሣጥን?»

«በደብሩ ሣጥን። በመሥሪያ ቤቴ ካላክህ ጓዶች ከፍተው ያነቡታል። ካህናት ግን የሰው ደብዳቤ አይከፍቱም።»

ይህን ያለችው በሙሉ እምነት ነው።

«አልማዝን ሳላገኝ አልመለስም» አለ።

«እኔ የምጠብቀው አልማዝን ብቻ መሰለህ?» አለችውና የቀረውን በዓይኗ ጨረሰችው። እሱም በዓይኑ ተቀበላት። ካፊያው ጠጉራቸው ላይ ሲያርፍ ሁለቱም አልተሸፈኑም፤ ከዚያ ቦታ አንድ ጣት የተንቀሳቀሰ እንደሆነ ሦስቱ ሳምንት እንደሚጀምር ያውቁ ነበርና።

* * *

ፍልሰታ ገባ። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ደብዳቤ የለም። የሁለተኛው ሳምንት እኩሌታም አለፈ፤ የለም።

ነሐሴ አሥር ቀን መሪጌታ ከደብር ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነበር። ማዕድ ላይ ሽሮውን ወደ እሷ በኩል ገፉላት። «ብይ ልጄ» አሉ። አባቷ ሲቆጡ አትፈራም፤ ሲያዝኑላት ግን ፈራች።

ነገሩን መሸከም ያቃታቸው አክስቷ እትዬ ባንቺአየሁ ነበሩ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ቤቱን የያዙ፣ ከምሥጢር በቀር ሁሉን የሚችሉ ሴት ናቸው። በማግስቱ ዕቃ ቤቷ ድረስ መጡ።

«አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ አይደል ልጄ?»

«ምነው እትዬ? ማን ሞተ?»

«ሞትማ ቢሆን ተለቅሶ ይወጣ ነበር። ያ የሸማኔ ልጅ … አዲስ አበባ ሴት አለችው። ይዟትም ሊመጣ ነው።»

«ማን አለ?»

«አባትሽ አረጋግጠዋል። እንዴት እንዳወቁ አልነግርሽም፤ ስሟንም አልነግርሽም። በኪዳነ ምሕረት አስምለውኛል።» እትዬ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ድምፃቸው ተለወጠ። «እኔንማ ምን አድርጌው ነው አሮጊቷ የሚለኝ?»

«እርስዎን?»

«በዚህ ቤት ሌላ ማን አሮጊት አለ?»

ሌላ ቀን ቢሆን የብርጓል ይህችን ቃል ጨብጣ ትመረምራት ነበር። ያን ቀን ግን ጆሮዋ ተዘግቷል። ያመነችው ማስረጃ አግኝታ አይደለም። ላለፉት አሥር ዓመታት ሰፈሩ ሁሉ «ማን ደፍሮ ያግባት?» ሲል እሷም አንድ ቀን እውነት ሆኖ እንደሚመጣ በልቧ ስትጠብቅ ኖራለች፤ ሲመጣ በሩን ከፈተችለት። ቀዩን መስታወት በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስገባችው። እትዬም ያቺን አንዲት ስም ቢተነፍሷት ኖሮ የሚተርፈውን እንባ፣ በመሐላቸው ጸንተው፣ በከንቱ አስፈሰሱ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ አሥራ ሰባት፣ ሣህሉ መጣ። መንገዱ ዓባይ በረሃ ላይ ተንዶ አውቶቡሱ ሁለት ቀን ቆሞበታል፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። የብርጓል የግቢውን በር ከፍታ ስታየው መጀመሪያ ልቧ ዘለለ። ቀጥሎ አእምሮዋ ይዞ አስቀመጠው።

«ለምን መጣህ?»

«እንዴ! ለምን መጣህ ይባላል? ደብዳቤዬ አልደረሰሽም?»

«የደረሰኝ ደርሶኛል።»

«ታዲያ ደስ አላለሽም?»

«ደስ?!»

«እንደ ሕፃን ትዘያለሽ ብዬ ነበር እኮ» አለ ሣህሉ፣ ግራ በተጋባ ፈገግታ። «ይኸው ይዣት መጣሁ።»

«ይዘሃት … እዚህ?»

«እዚሁ ናት። ላሳይሽ?»

የብርጓል በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። ማዕዘኑ ላይ፣ ጥቁር ጃንጥላ ሥር፣ አንዲት ረጅም ሴት ዝናቡ እንዲያባራላት ቆማለች። ወደ ገበያ የምትሄድ የእግዜር መንገደኛ ነበረች፤ ማን ያውቃል? የብርጓል አላወቀችም።

«ሁለተኛ በዚህ በር እንዳላይህ!» አለችና ዘጋችው።

በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆመች። በወዲያ በኩል «የብርጓል … ምን አጠፋሁ?» ሲል ሰማችው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በለሆሳስ። ቢጮህ፣ ቢሳደብ በቀለላት ነበር። ያ ለሆሳስ ግን በሳንቃው ስንጥቅ ገብቶ ትከሻዋ ላይ እጅ ሆኖ አረፈ፤ እሷም ያልነበረውን እጅ ልታራግፈው አልፈለገችም።

* * *

ሽማግሌዎቹ መቅረት ይችሉ ነበር። የልዑካኑ መሪ አቶ አዘዘ ግን የሣህሉ የክፍል ኃላፊ ናቸው፤ የማይሠራ ማሽን ሁሉ በትዕግሥት ይሠራል የሚል እምነት አላቸው። «ሴት ልጅ ሽማግሌ ሊገባ ሲል መቆጣቷ ደንብ ነው» አሉና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከመሪጌታ የቆየ ወዳጅ ከቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ጋር መጡ። ሣህሉን ከደጅ፣ ከዋርካው ሥር አስቀምጠውታል።

የብርጓል ከመጋረጃው ወዲያ፣ እትዬ ባንቺአየሁ አጠገብ ተቀመጠች።

አቶ አዘዘ ወጉን ሳያጓድሉ ልመናቸውን አቀረቡ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው «ልጃችሁ አንድ ሴት የሚበቃው ሰው አይደለም» አሉ።

ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ደነገጡ። «መሪጌታ! ከማን ሰማኸው?»

መሪጌታ ግንባራቸውን ጠረጉ። «ደብዳቤ ደብር መጣ። ዝናብ ፖስታውን አበስብሶት የፊተኛው ስም ታጥቧል፤ የቀረው 'ገብረ መስቀል' ብቻ ነው። ስሜ ነው ብዬ ከፈትሁት።» ደብዳቤው ዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ነበር፤ ሊያወጡት እንኳ አላስፈለጋቸውም። የቅኔ ሰው አንዴ ያነበበው አይጠፋበትም። ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው ወረዱት።

«'አዲስ አበባን ዳር እስከ ዳር አስሼ በመጨረሻ አልማዝን መርካቶ ውስጥ አገኘኋት። እንዳየኋት ልቤ ቀጥ አለ።'»

አልማዝ! የብርጓል ዓይኗን ጨፈነች። ከዓለም ስም ሁሉ ይህን? የሁለታቸው መሳቂያ የነበረውን? የሌላይቱን ሴት መኖር ችላው ነበር፤ የስሟን መደረብ ግን እንዴት ትቻለው?

«'የጀርመን ልጅ ናት፤ ያውም የምዕራቡ።'» መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። «ያውም የምዕራቡ! እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሰሙ ይህ ነው፤ ወርቁ ግን ጥልቅ ነው። ከምዕራብ የተወለደች፣ ማለት ከፀሐይ መግቢያ፣ ማለት ጨለማ …»

አቶ አዘዘ ስለ ምዕራብ ሲወራ ሳያስቡት ወደ መስኮቱ ዞር ብለው ማን እንዳለ አዩ።

«'ቀጭን ናት፤ አንገቷ ነሐስ ነው።' ሐብል ማለቱ ነው። 'አፏ ስለት ነው።' ይህ ባሕርይዋ ነው። 'የሰው እጅ ብዙም አልነካትም አሉኝ።'»

«ኧረ በሥላሴ!» አሉ ቄሱ፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው።

ከመጋረጃው ወዲያ የብርጓል ዓይኗን ገለጠች። አንገቷ … ነሐስ?

«'ከእንግዲህ አሮጊቷን እናሳርፋት።'»

እትዬ ባንቺአየሁ አቃሰቱ። «ሰማሽ? ሊያሳርፈኝ ነው!»

«'አልማዝን ይዣት እመጣለሁ። አንቺ እጅ ስትገባ እንደምትስማሙ አልጠራጠርም። ሦስት ሆነን ቤታችንን እናቆማለን።'» መሪጌታ ድምፃቸው ተሰበረ። «ሦስት፣ ወንድሞቼ! በእኔ ልጅ ላይ!»

ያን ጊዜ ነው ሳቁ የመጣው። የብርጓል አፏን በሁለት እጇ ያዘችው፤ በጣቶቿ መካከል አመለጣት። ሽማግሌ በተቀመጠበት ቤት፣ ከመጋረጃ ወዲያ፣ የምትለመን ልጅ ስትስቅ በዚያ ሰፈር ተሰምቶ አያውቅም። ሳቁ እንባ አስከተለ፣ እንባው ሳቅ፤ የቱ የቱ እንደሆነ ራሷም መለየት አቃታት። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«አባባ፣ የነሐሱን ይድገሙልኝ።»

«አታፍሪም? ምን ነካሽ?»

በሽማግሌዎቹ መካከል አልፋ፣ በባዶ እግሯ፣ በዝናቡ ዋርካው ሥር ደረሰች። ሣህሉ ሲያያት ከተቀመጠበት ድንጋይ ብድግ አለ።

«አልማዝ የት አለች?»

«ኪ … ኪሴ ውስጥ።»

«ያቺ ባለ ጃንጥላዋስ?»

«የቷ ባለ ጃንጥላ?»

እጅጌውን ይዛ እየጎተተች አስገባችው። ጎረቤት በየአጥሩ አንገቱን አወጣ። ሣህሉ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ፣ ውሃ ከልብሱ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ከደረት ኪሱ መሐረብ አወጣና ፈታው።

«ይቺ ናት አባባ አልማዝ» አለች የብርጓል። «መስታወት የምቆርጥባት። አሮጊቷም ያቺ የዶለዶመችው፣ የሊድያ።»

ከዚያ ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አቶ አዘዘ «የሰው እጅ ብዙም ያልነካት!» አሉና ጭናቸውን መቱ። «እና እኔን አይደለማ?» የሚል የእፎይታ ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ ተሰማ።

መሪጌታ ብቻ አልሳቁም። መቁረጫዋን ተቀብለው አገላበጧት፤ የነሐስ አንገቷን ዳሰሱት። አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ ያስለቀሱበት ችሎታ በአንዲት የእንጨት እጀታ ዕቃ ተሸንፏል።

«ወርቁን ልቆፍር ስል ሰሙን ረገጥሁት» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም፣ ሰው ያልጠበቀውን፤ «ምን እንደምትሠራ አሳዪኝ።»

የብርጓል ሣጥኗን ከፍታ ቀዩን መስታወት አመጣች። ሌላ ቁራጭ ማምጣት ትችል ነበር፤ አላመጣችም። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አልማዝን ላምባ አስነካቻት። ሣህሉ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ጠበቅ አድርጎ ያዘላት፤ እጇን አልነካም። አልማዝ ቀዩ ላይ ቅስት ይዛ ሄደች፤ እንደ ፌንጣ ድምፅ ያለ ቀጭን ጩኸት፣ ሳይቋረጥ፣ ከዳር እስከ ዳር። የብርጓል ከሥር ሁለት ጊዜ ቆርቆር አደረገችው።

ጠቅ አለ። ግማሽ ፀሐይ፣ አንድ ጭረት ሳይኖርባት፣ መዳፏ ላይ ወደቀች።

መሪጌታ ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ሽማግሌዎቹም ተነሡ።

«የብርጓል» አሉ። «ስሜ ስለ ነበረበት ከፈትሁት ማለቴ እውነት ነው። ግን 'ይድረስ ለምወድሽ' ሲል መዝጋት ነበረብኝ። መምህር ነኝ፤ 'ምወድሽ' ለሴት የተነገረ መሆኑ አልጠፋኝም። አልዘጋሁም። አነበብሁ፤ ደገምሁ፤ የሰው ልጅ ለልጄ እንዲህ ያለ የፍቅር ቃል መጻፉ ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱ አሳፈረኝ፤ ከማፈር ክፉ ትርጉም ፈልጎ መቆጣት ቀለለኝ። ስምንት ቀን ሙሉ አስለቀስሁሽ። በሽማግሌ ፊት ይቅር በዪኝ።»

የብርጓል ጉልበታቸውን ልትስም ወደቀች፤ በግማሽ መንገድ ያዟት። የተቃጠሉ ጣቶቿን እጃቸው ላይ ዘርግተው ተመለከቷቸው። ከዚያ በፊት እንዲህ ቀርበው አይተዋቸው አያውቁም።

«ቀጥቃጭ ስልሽ ኖርሁ። ስሙ እሱ አይደለም። ሰፋዪተ ብርሃን ነሽ፤ ብርሃን የምትሰፊ።» ወደ ቄሱ ዞሩ። «ግእዙ ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አሉ ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«እንግዲያ ሰፋዪተ ብርሃን በእህል ዕቃ ቤት አትሠራም። ወደ መንገድ የሚከፈተውን፣ እንግዳ የምቀበልበትን ክፍል ውሰጂው። በሩን ክፈቺው። ሰው ይግባ፣ ይይ፣ ይዘዝ።» አሁን ሣህሉን አዩት፤ ከጭቃው እስከ ጠጉሩ። «አንተ የሸማ… አንተ የማሽን ሰው። ሳታውቀው ጥሩ ቅኔ ተቀኝተሃል። ልጄን ሰጠሁህ።»

ሣህሉ እጅ ነሥቶ «ተቀበልኩ!» አለ።

«ተቀበልሁ!» ብለው መሪጌታ፣ ቄሱና እትዬ በአንድ ድምፅ አረሙት።

* * *

ሽማግሌዎቹ ሲሸኙ ሁለቱ በግቢው በር ቀሩ። ዝናቡ አባርቷል፤ ከጣራው ጠብታ ብቻ ይወርዳል።

«ትናንት ለምን ከኪስህ አውጥተህ አላሳየኸኝም?» አለችው።

«ፊትሽን ሳየው አልማዝን ረሳኋት። ሌላ ነገር የጠፋኝ መስሎኝ እሱን ስፈልግ አደርኩ።» ከዚያ «ለመሆኑ ያቺ ያልነበረችው ሴት ምን ትመስል ነበር?» አላት።

የብርጓል በመጀመሪያ አፈረች። ከዚያ ነገረችው። ቁመቷ ረዘም ያለ ነው፤ ጥርሷ ፍንጭት፤ ስትስቅ ራሷን ወደ ኋላ ትጥላለች፤ እጇ ለስላሳ ነው፣ አንድ ጠባሳ የሌለበት። እንግሊዝኛ ታውቃለች። ተቀምጣ ሌላ ሰው ውሃ ያመጣላታል።

«ጎበዝ» አለ ሣህሉ። «እንዲህ ያለችውን ጥዬ መጥቻለሁ ማለት ነው?»

«ጥለሃት መጣህ።»

እሱ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም፤ ወደ ውስጥ እያዳመጠች ነበር። ያቺ ሴት ስምንት ቀን ሙሉ ልቧ ውስጥ እንደ ቀበሌ ቤት ተከራይ ተደላድላ ከርማለች፤ አሁን ጓዟን ሸክፋ፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ፣ እየወጣች ነው። ቤቱ ባዶ ሲሆን የብርጓል ከዚያ በፊት ያላየችውን አየች፤ ለካስ ይህን ያህል ሰፊ ኖሯል።